አፍ ውስጥ የሚታይ ነጭ፣ ቀይ ወይም ጥቁር ምልክት፦ የቱ ይጠበቃል፣ የቱ ቶሎ ይላካል?

ጠያቂ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ተሁለደሬ

ሰላም ለሁላችሁ፣ አሰላሙ አለይኩም። የጥርስና የቆዳ ባለሙያዎች፣ ፋርማሲስቶችም እዚህ ስላላችሁ አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ።

ቤት ለቤት ስንዞር ሰዎች አፋቸውን ከፍተው «ይኼ ምንድን ነው?» ይሉናል። መልሳችን ብዙ ጊዜ ወይ «ምንም አይደል» ነው፣ ወይ «ሆስፒታል ሂዱ»። ሁለቱም ያለ ቦታው ሲባል ይጎዳል። ምንም አይደል የተባለው ሰው ቆይቶ አንገቱ አብጦ ይመጣል። ያለ ምክንያት ደሴ የተላከው ደግሞ ትራንስፖርትና ማደሪያ ከፍሎ «ጤነኛ ነህ» ተብሎ ስለሚመለስ፣ ሌላ ጊዜ ሂድ ቢሉት አይሰማም።

በብዛት የሚያጋጥመን እንዲህ ነው። ለዓመታት የቃሙ ሰዎች ጫቱን በሚይዙበት ጉንጭ በኩል ሻካራ ነጭ ነገር አላቸው፤ አያማቸውም። ድዳቸው የጠቆረ፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሰማያዊ ነጥብ ያለባቸው ሴቶች አሉ። አራስ ቤት ያሉ ሕፃናት ምላሳቸው ነጭ ሆኖ ጡት ሲይዙ ያለቅሳሉ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያስተከሉ አዛውንቶች ላንቃቸው ቀልቶ ይገኛል። አስም ያለባቸው፣ ስኳር ያለባቸው፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱም አሉ።

እጃችን ላይ ያለው የእጅ ባትሪ፣ ጓንት፣ ጎዝና የእንጨት ስፓቱላ ነው። በዚህ ብቻ ምን ያህል መለየት ይቻላል? ስንት ቀን መጠበቅ ይፈቀዳል? ቀን የማይሰጠውስ የቱ ነው? ሪፈር ወረቀቱ ላይ ምን ተጽፎ ቢሄድ ነው ተቀባዩን ሐኪም የሚጠቅመው?

---

መልስ፦ የጥርስ ሐኪም፣ ደሴ

እህቴ፣ አብሽሪ፤ ባትሪና ጎዝ ካለሽ ብዙውን መለየት ትችያለሽ። ቀለሙን ብቻ አይተሽ ግን አትፍረጂ። ነጭ ሆኖ ምንም የማይጎዳ አለ፤ ነጭ ሆኖ ውሎ አድሮ ወደ ካንሰር የሚለወጥም አለ። ከቀለሙ ይልቅ የሚናገረው ሲጠርጉት ይለቃል ወይ፣ ጉንጩን ሲለጥጡት ይጠፋል ወይ፣ ሲጫኑት ይገረጣል ወይ፣ በሁለቱም በኩል አለ ወይስ በአንዱ ብቻ የሚለው ነው። ከዚያ ደግሞ ስንት ጊዜ ቆየ።

አመራመሩን ላስቀድም፤ የሚያመልጠን አብዛኛው ነገር ስለማናውቀው ሳይሆን ቦታውን ስላላየነው ነው የሚያመልጠን። ሰውየውን ብርሃን ያለበት በር አጠገብ አስቀምጪው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለው ያውጣ፤ አፉ ውስጥ ጫት ወይም ቡና ቀርቶ ከሆነ በውሃ ይጉመጥመጥ። ከንፈሩን ገልብጠሽ ከውስጥ በኩል እይ። ጉንጮቹን በስፓቱላ ገለል አድርገሽ ከፊት እስከ መጨረሻው መንጋጋ ድረስ፣ ጉንጩ ከድዱ የሚገናኝበትን ታችኛውን ስርጉድ ጭምር እይ፤ ቃሚ ሰው ላይ ዋናው ቦታ እሱ ነው። ከዚያ ድዱን፣ ላንቃውን፣ «አ» እያስባልሽ ጉሮሮውን።

ምላስ ላይ ተረጋጊ። ጫፉን በጎዝ ያዢና ወደ አንድ ጎን ሳብ አድርገሽ ጠርዙን እስከ ኋላ እይ፤ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን። ምላሱን ወደ ላንቃው እንዲያነሳ አድርጊና ከሥሩ ያለውን ወለል ተመልከቺ። የምላስ ጠርዝና የአፍ ወለል የአፍ ካንሰር በብዛት የሚጀምርባቸው ቦታዎች ናቸው፤ «ምላስህን አውጣ» ብቻ ከተባለ ግን ሁለቱም አይታዩም። አንድ ጣት ከውስጥ፣ ሌላ እጅ ከአገጭ በታች አድርገሽ ወለሉን ዳስሺ። ለስላሳ መሆን ሲገባው የጠነከረ ነገር ካለ በዓይን ባይታይም ይላካል። በመጨረሻ አንገቱ ላይ ንፍፊት መኖሩን ዳስሺ። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ ነጩ። በደረቅ ጎዝ ቀስ አድርገሽ ጥረጊው። ለቆ ከሥሩ ቀይ ወይም ትንሽ የሚደማ ገጽ ከተወ ፈንገስ ነው ማለት ይቻላል። ካልለቀቀ ጉንጩን ለጥጪው። በሁለቱም ጉንጭ ያለ፣ ወተት የመሰለ ግራጫማ ሽፋን ሆኖ ሲለጠጥ የሚጠፋ ከሆነ ተፈጥሮ ነው፤ ቆዳው ጠቆር ያለ ሕዝብ ላይ በጣም የተለመደ ነው፣ ሕክምናም አያስፈልገውም። ጥርስና ጥርስ በሚገጥሙበት መስመር ጉንጩ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ቀጭን ነጭ መስመርም እንዲሁ፤ ከንፈርና ጉንጭ ውስጥ የተበተኑ ጥቃቅን ቢጫማ ነጥቦችም የቅባት ዕጢዎች ናቸው። እነዚህን «ምንም አይደል» ብለሽ መሸኘት ትችያለሽ።

በሁለቱም ጉንጭ መረብ የመሰሉ ነጭ መስመሮች ኖረው በርበሬና ሚጥሚጣ ሲነካቸው የሚያቃጥሉ ከሆነ ላይከን ፕላነስ የሚባለው ሊሆን ይችላል። ጥድፊያ አይጠይቅም፤ ግን የጥርስ ወይም የቆዳ ሐኪም ማየት አለበት። ጥቂቶቹ ከዓመታት በኋላ ስለሚለወጡ በዓመት አንድ ጊዜ መታየት ይፈልጋል።

የጫቱ ነገር ሰፊ ነው። ቅጠሉ ለሰዓታት አንድ ቦታ ላይ ተጠቅጥቆ ሲውል፣ ፍትጊያውም በውስጡ ያለው ታኒንም የጉንጩን ሽፋን ያወፍረዋል፤ ሽፋኑ ሲወፍር ነጭ፣ ሻካራ፣ የተሸበሸበ ይሆናል። ሲጠረግ አይለቅም። ሰውየው «በየትኛው ጉንጭ ነው የምትይዘው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚያሳየው ጎንና ነጩ ያለበት ጎን አንድ ከሆነ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ያኔም ቢሆን «ከጫቱ ነው» ብለሽ አትዝጊው። ሙሉ በሙሉ ያቁም፤ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ይታይ። ወደ ሌላኛው ጉንጭ ማዛወር መፍትሔ አይደለም፤ ቁስሉን ወደዚያ ማዛወር ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሳሳና ከቀነሰ ጥሩ ነው፣ መከታተል ነው። ካልተለወጠ ይላክ። ጫት ብቻውን ካንሰር ያመጣል ለማለት ያለው ማስረጃ ጠንካራ አይደለም። ከጫቱ ጋር ሲጋራ፣ ሺሻ፣ ጋያ ወይም ሱረት ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በላዩ ላይ ጨብሲ ብሎ አረቄ ከተጨመረ ትምባሆና አልኮል አንዱ የሌላውን ጉዳት ያባዛሉ። ስለዚህ «ትቅማለህ?» ብቻ ብለሽ አትለፊው፤ «ከቃምክ በኋላስ?» በይው።

ተጠርጎ የማይለቅ፣ በአንድ በኩል ብቻ ያለ፣ ምክንያት የሌለው ነጭ ሉኮፕላኪያ ይባላል። አብዛኛው ወደ ካንሰር አይሄድም። የትኛው እንደሚሄድ ግን በዓይን አይለይም፤ ለዚህ ነው ናሙና (ለምርመራ የምትቆረጥ ትንሽ ቁራጭ) የሚወሰደው። ጠርዙ የተዛባ፣ ገጹ ኪንታሮት የመሰለ፣ ነጭና ቀይ የተቀላቀለበት፣ ምላስ ጠርዝ ወይም አፍ ወለል ላይ ያለ ከሆነ የበለጠ ያስፈራል። አንድ ነገር ልጨምር፦ አጭሶ የማያውቅ፣ ቅሞ የማያውቅ ሰው፣ በተለይ ዕድሜዋ የገፋ ሴት፣ ምላሷ ጠርዝ ላይ እንዲህ ያለ ነጭ ካላት ከቃሚው ይልቅ ለእሷ ፍጠኚ። ምክንያት የሌለው ነጭ ምክንያቱ ከታወቀው የከፋ ነው።

ቀዩን ከሁሉ በላይ ፍሪ። በአንድ በኩል ብቻ የሆነ፣ ደማቅ፣ ለስላሳ ገጽ ያለው፣ በሰው ሠራሽ ጥርስ ወይም በቃጠሎ የማይብራራ ቀይ ናሙና ሲወሰድ አብዛኛውን ጊዜ የተለወጡ ሴሎች ይገኙበታል። ሁለት ሳምንት አይሰጠውም፤ በዚያው ሳምንት ይሂድ። ምላስ ላይ ነጭ ጠርዝ ያላቸው ቀያይ ክቦች ሆነው ዛሬ እዚህ፣ ከሳምንት በኋላ እዚያ የሚታዩ ከሆነ ግን ጉዳት የለውም፤ ቦታ መቀያየሩ ራሱ ምስክር ነው።

ቀኑን በአጭሩ፦ ሊያስቆጣ የሚችለው ነገር ተወግዶ ያልጠፋ ነጭ፣ ሁለት ሳምንት። ያልዳነ ቁስል፣ ቢበዛ ሦስት ሳምንት። ቀይ ወይም ቀይና ነጭ፣ እብጠት፣ በራሱ የሚደማ፣ ያለ ምክንያት የሚነቃነቅ ጥርስ፣ የደነዘዘ ከንፈር፣ የማይጠፋ ጠንካራ ንፍፊት፣ ለመዋጥ ወይም ምላስን ለማንቀሳቀስ መቸገር ከታየ ቀን አይቆጠርም። አለማመሙ ማንንም አያዝናና፤ የአፍ ካንሰር መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም።

---

መልስ፦ ፋርማሲስት፣ ኮምቦልቻ

የፈንገሱን ጉዳይ ልውሰደው፤ ፋርማሲ መስኮት ላይ በብዛት የሚጠየቀውም በብዛት የሚበላሸውም እሱ ስለሆነ።

ሕፃኑ ላይ መጀመሪያ የወተት ቅሪት መሆን አለመሆኑን ለይ። ወተት ምላስ ላይ ብቻ ነው፣ በእርጥብ ጨርቅ በቀላሉ ይነሳል፣ ከሥሩ ጤነኛ ነው። ፈንገስ ጉንጭና ላንቃ ላይም አለ፤ ሲነሳ ቀይ ይተዋል። ፈንገስ ከሆነ 1 ሚሊ ሊትሩ 100,000 ዩኒት የያዘ የኒስታቲን ጠብታ አለ። እናትየዋ እጇን ትታጠብ፣ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጨው ባለበት ውሃ አርሳ የሕፃኑን አፍ ታጽዳ፤ ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር በቀን አራት ጊዜ፣ ግማሹን በአንድ ጉንጭ፣ ግማሹን በሌላው። ብልቃጡ ሁልጊዜ ይናጥ፤ መድኃኒቱ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ካልተናጠ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃ፣ የመጨረሻዎቹ ቀናት ዝቃጭ ነው የሚሰጠው። ከሰጡት በኋላ 20 ደቂቃ ጡት አይስጡት፤ መድኃኒቱ የሚሠራው በመንካት ነውና ወዲያው ከተጠባ ታጥቦ ይወርዳል። ሰባት ቀን ይሰጥ። ነጩ በሦስተኛው ቀን ቢጠፋም አይቋረጥ፤ ተመልሶ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የመመለሻ ምክንያት የእናትየዋ ጡት ነው። ጫፉ ካብረቀረቀ፣ ከተሰነጠቀ፣ ሲጠባ የሚያቃጥል ከሆነ እሷም አብራ ትታከም፤ አለዚያ አንዱ ለሌላው እያስተላለፈ ይኖራል። በጡጦ የሚመገብ ከሆነ ወደ ኩባያና ማንኪያ ይቀየር። ነጩን በጥፍር ወይም በሻካራ ጨርቅ መፋቅ፣ ማር ወይም ቅቤ ማላስ ይቅር፤ ፍቀቱ ያቆስላል፣ ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አደገኛ ነው።

ሚኮናዞል የተባለው የፈንገስ ጄል ከአራት ወር በታች ላለ ሕፃን አይሰጥ፤ ወፍራም ስለሆነ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ትልቅ ሰውም ጄሉ አይሸጥ፤ አፍ ላይ የተቀባው እንኳ የዋርፋሪኑን ኃይል ጨምሮ ደም እንዲፈስ ያደርጋል። ይህን ሳይጠይቁ የሚሸጡ አሉና ታካሚው ራሱ ይናገር።

ትልቅ ሰው ላይ ፈንገስ ሲታይ መድኃኒት ሰጥቶ መሸኘት ግማሽ ሥራ ነው። ለምን መጣ? የአስም መድኃኒት የሚስብ ከሆነ፣ ቤክሎሜታዞን ወይም ቡዴሶናይድ ከሆነ፣ ከሳበ በኋላ ሁልጊዜ ተጉመጥምጦ ይትፋ፤ ስፔሰር (የሚሳበው መድኃኒት ላይ የሚገጠም ቱቦ) ቢጠቀም ይበልጥ ጥሩ። መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ፤ ፈንገስ ያስቸግራል፣ አስም ይገድላል። አንቲባዮቲክ በቅርቡ ወስዶ ከሆነ ያ ይበቃል። ይህ ሁሉ ከሌለ በባዶ ሆድ የደም ስኳር ይለካ፣ የኤችአይቪ ምርመራም ይደረግ። ምግብ ሲውጥ ደረቱ ላይ የሚያመው ከሆነ ፈንገሱ ወደ ምግብ ቧንቧ ወርዷል፤ ጠብታ አይበቃውም፣ በሐኪም ትእዛዝ ፍሉኮናዞል ያስፈልገዋል።

ሰው ሠራሽ ጥርስ ሥር ያለው ቀይ ልክ የጥርሱን ቅርጽ ተከትሎ የተሠመረ ነው፤ በዚህ ይታወቃል። ምክንያቱ ሌሊትም አለማውጣት ነው። ማታ ይወጣ፣ በብሩሽና በሳሙና ይታጠብ፣ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ይደር። በሚፈላ ውሃ እንዳይቀቀል፤ ፕላስቲኩ ይጣመምና ጠዋት አይገጥምም። ላንቃውም በለስላሳ ብሩሽ ይታሽ። ጥርሱን ሳያጸዱ አፉን ብቻ ማከም ዋጋ የለውም፤ ፈንገሱ ጥርሱ ላይ ነው የሚኖረው።

አንድ ልመና አለኝ። ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍቶ አፍ ቁስል ላይ መነስነስ እስካሁን አልቀረም። ለፈንገስ አይሠራም፣ እንዲያውም ያባብሰዋል። ለነፍሰ ጡርና ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ገና ያልበቀሉ ጥርሶችን ለዘለቄታው ያበልዛል።

---

መልስ፦ የቆዳ ክፍል ባለሙያ፣ ቦሩ ሜዳ አካባቢ

ስለ ጥቁሩ። የኢትዮጵያውያን ድድ መጥቆር ወይም ቡናማ መሆን ተፈጥሮ ነው። ከልጅነት ጀምሮ የነበረ፣ በግራም በቀኝም የተመጣጠነ፣ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ የማይለወጥ ከሆነ ምርመራም ማጽጃም አያስፈልገውም። ምላስ ጫፍ ላይ የተበተኑ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦችም እንደዚሁ። ድዱን «ለማንጣት» በሎሚ፣ በጨው ወይም በከሰል የሚፍቁ ሰዎች ድዳቸውን ከጥርሳቸው እያሸሹት ስለሆነ ንገሯቸው።

ንቅሳት ድድ ያላቸው እናቶች በየወረዳው አሉ። ሰማያዊ ጥቁር፣ ወጥ፣ ብዙውን ጊዜ የላይኛው የፊት ድድ ላይ ነው፤ ስትጠየቅ መቼ እንደተነቀሰች ትናገራለች። ቀለሙ ራሱ አይጎዳም። መርፌው ለብዙ ልጆች በጋራ ያገለገለ ከሆነ ግን የጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ፣ ኤችአይቪም በዚያ መንገድ ይተላለፋሉ፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ብትመረመር መልካም ነው።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያለች ሰማያዊ ግራጫ ነጥብ ከአጠገቧ ብርማ ሙሌት ያለው ጥርስ ካለ፣ ወይም እዚያ ቦታ ሙሌት ያለው ጥርስ ተነቅሎ ከሆነ፣ የሙሌቱ ብናኝ ድዱ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል ማለት ነው። አታድግም፣ አታብጥም። ጥርሱ ተሞልቶ የማያውቅ ሰው ላይ ከታየች ግን ይህን ምክንያት መስጠት አይቻልም፤ ሐኪም ይያት።

ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ የሆነውን በጓንት ጣት ወይም በንጹሕ ብርጭቆ ጫን አድርጊው። ከገረጣና ስትለቂው ከተሞላ የደም ሥር ስብስብ ነው፤ አትወጊው፣ አይቸኩልም። የማይገረጣ ሐምራዊ፣ በተለይ ላንቃ ላይ ያለ፣ ባያምም ካፖሲ ሳርኮማ የሚባለው ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ከኤችአይቪ ምርመራ ጋር በቶሎ ይላክ። የምላስ ሁለት ጠርዞች ላይ ቀጥ ቀጥ ብለው የተሰመሩ የማይጠረጉ ነጭ ሽንትሮችም የመከላከል አቅም መዳከምን ያመለክታሉ። መድኃኒት ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ላይ ሲታዩ ወደ ሕክምናው እንዲመለስ ምክንያት ይሆናሉ።

ጎልማሳ ላይ አዲስ የመጣ ጥቁር፣ በተለይ ላንቃና የላይኛው ድድ ላይ፣ ጠርዙ የተዛባ፣ ቀለሙ ወጥ ያልሆነ፣ የሚሰፋ፣ ያበጠ ወይም የሚደማ ከሆነ ሜላኖማ (የቀለም ሴሎች ካንሰር) አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ሜላኖማ ነው ብላችሁ ያዙት።

መድኃኒትም ያጠቁራል። ክሎሮኪን ወይም ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለረዥም ጊዜ ሲወሰድ ላንቃ ላይ ሰማያዊ ግራጫ ያመጣል፤ የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነው ዚዶቩዲን ምላስና ጥፍር ያጠቁራል። ለወባ ለሦስት ቀን የተዋጠ ክሎሮኪን ይህን አያደርግም። ምላስ ላይ ፀጉር የመሰለ ጥቁር ሽፋን ደግሞ ቡና፣ ሻይ፣ ጫት፣ ሲጋራና አንቲባዮቲክ የሚያመጡት ነው፤ ምላሱን በቀን ሁለቴ በብሩሽ ማጽዳትና ምክንያቱን መተው ይበቃዋል።

የማይረሳ አንድ አለ። አፍ ውስጥ በብዙ ቦታ አዲስ የመጣ ጥቁረት ኖሮ ሰውየው ከከሳ፣ ከደከመ፣ ሲነሳ ከዞረበት፣ ጨው ጨው ካሰኘው፣ የመዳፉ መስመሮችና የቆዩ ጠባሳዎቹ ከጠቆሩ ከኩላሊት በላይ ያለው የአድሬናል ዕጢ መድከም ነው የሚጠረጠረው። እኛ አገር የሳንባ ነቀርሳ ያንን ዕጢ ከሚጎዱት አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ትውከትና ተቅማጥ ሲይዘው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ቀጠሮ አይሰጠውም፣ ሆስፒታል ይሂድ።

---

ጠያቂ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ተሁለደሬ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። ጥርሱን ሲያመው ነጭ ሽንኩርት ወይም ቅርንፉድ ይዞ ያደረ ሰው ድዱ ነጭ ሆኖ ይመጣል፤ እሱንስ እንዴት እንየው? ሁለተኛው የከበደን ነው። ናሙና ይወሰዳል ሲባሉ «ብረት ከነካው ይሰራጫል» ብለው የሚቀሩ አሉ። ዶክተር፣ ምን ብለን እንመልስላቸው?

---

መልስ፦ የጥርስ ሐኪም፣ ደሴ

የነጭ ሽንኩርቱ ቃጠሎ ነው። ድዱ ላይ የተቀመጠ አስፕሪንም እንዲሁ ያደርጋል፤ አስፕሪን ሕመም የሚያስታግሰው ተውጦ እንጂ ድድ ላይ ተለጥፎ አይደለም። የሞተው ሽፋን ነጭ ሆኖ ይሸበሸባል፣ ይላጣል፣ ያማል፤ ከሰባት እስከ አሥራ አራት ቀን ይድናል። ለብ ባለ ውሃ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አድርጎ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መጉመጥመጥ ይበቃል። ዋናው ግን ጥርሱ ነው፤ ሽንኩርት እስከማሳደር ያደረሰው ጥርስ ካልታከመ ቁስሉ ቢድንም ሰውየው ነገ ሌላ ነገር ይይዝበታል። በሁለት ሳምንት ካልዳነ ቃጠሎ ብቻ አይደለም።

ስለ ናሙናው። ፍርሃታቸው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሰው ሕክምና የሚመጣው አብጦና ቆስሎ ሲያበቃ ስለሆነ፣ ናሙና ተወስዶለት ብዙም ሳይቆይ ሲሞት ጎረቤት የሚያስታውሰው ብረቱን ነው። የገደለው ግን ከብረቱ በፊት ያለፈው ጊዜ ነው። ናሙና መውሰድ ካንሰርን አያሰራጭም። ሲሆን የሚያዩትን ንገሯቸው፦ ጥርስ ሲነቀል እንደሚወጋው ዓይነት የማደንዘዣ መርፌ ይወጋል፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነች ቁራጭ ትወሰዳለች፣ አንድ ሁለት ስፌት ይደረጋል፣ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለሁለት ቀን ትኩስና ቅመም የበዛበት ምግብ ይተው። ጸበሉንም ዱዓውንም አታስጥሏቸው፤ «ጎን ለጎን ይሂድ፣ ቀጠሮው ግን እንዳያልፍ» በሏቸው። ቤተሰብ ውስጥ የሚሰማ ሽማግሌ ወይም ሸህ ካለ አብሮ ይስማ፤ ብዙ ጊዜ ውሳኔው የታካሚው ብቻ አይደለም።

ናሙና የሚወስደው ጤና ተቋም ውስጥ ያለ ባለሙያ ይህን ካነበበ፦ ቁራጩ በ10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይቀመጥ፤ የፎርማሊኑ መጠን የቁራጩን አሥር እጥፍ ይሁን። በአልኮል ወይም በውሃ የተላከ ናሙና ይበላሽና ሰውየው እንደገና ይቆረጣል። የተወሰደው ከመሃሉ ብቻ ከሆነ፣ በተለይ የሞተ ቁስል ከሆነ፣ ውጤቱ ያሳስታል፤ የቀላው ወይም የጠነከረው ክፍል ይካተት።

ሪፈር ወረቀቱ ላይ «የአፍ ቁስል» ብቻ ተጽፎ ሲመጣ ከባዶ ነው የምንጀምረው። ቦታውን በትክክል ጻፊ፦ «የግራ ምላስ ጠርዝ፣ ከኋላ በኩል»። ስፋቱን በሚሊ ሜትር፤ ማስመሪያ ከሌለ ስፓቱላውን አጠገቡ አድርገሽ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሺ፣ ሰውየው ራሱ ስልኩ ላይ ይያዘው። ሲጠረግ መልቀቁን ወይም አለመልቀቁን፣ መጀመሪያ የታየበትን ቀን፣ ትምባሆ፣ ጫትና አልኮል፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች፣ ንፍፊት መኖር አለመኖሩን። አስፕሪን ወይም ዋርፋሪን የሚወስድ ከሆነ በጉልህ። የጤና መድን አባል ከሆነ በጤና ጣቢያው በኩል ሪፈር ይዞ ይምጣ፤ ደረጃውን ዘሎ ቀጥታ ደሴ ከመጣ መድኑ ላይሸፍንለት ይችላል። ቀዩንና እብጠት ያለውን ላይ «አስቸኳይ» ብለሽ ጻፊበት፤ ለካርድ ክፍሉም ለሐኪሙም ያ ቃል ይሠራል።

---

መልስ፦ የሕፃናት ክፍል ነርስ፣ ወልዲያ

ልጆች ላይ ሦስት ነገር እንዳይረሳ።

ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያለ፣ የተጎሳቆለ፣ በተለይ በቅርቡ ኩፍኝ ይዞት የነበረ ልጅ ድዱ ደምቶና ቆስሎ አፉ መሽተት ከጀመረና ጉንጩ ካበጠ ኖማ ይጠርጠር። ጉንጩ ላይ ግራጫ ቀጥሎም ጥቁር ምልክት ይወጣል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥጋውን ይበላዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ነው። ድዱ ላይ እያለ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ፣ በአፍ ንጽሕናና በምግብ ይድናል፤ ጥቁሩ ከወጣ በኋላ ፊት ያበላሻል፣ ይገድላልም። የክንዱን ዙሪያ ለኪ፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የምግብ እጥረቱም በዚያው ቀን ይታከም። ለነገ አይባልም።

ትኩሳት፣ ጉንፋንና የቀላ ዓይን ያለው ልጅ ጉንጩ ውስጥ፣ መንጋጋው ፊት ለፊት፣ ቀይ ላይ የተበተነ የጨው ቅንጣት የመሰለ ነጭ ከታየ ኩፍኝ ነው፤ ሽፍታው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይወጣል። ፈንገስ ነው ብላችሁ ኒስታቲን እንዳትሰጡ። ከሌሎች ልጆች ይለይ፣ ሪፖርት ይደረግ፣ ቫይታሚን ኤ ይሰጠው። የጎረቤት ልጆች የ9 ወሩንና የ15 ወሩን ክትባት መውሰዳቸውን እይ።

ሦስተኛው የደጋውና የምንጭ ውሃው ጣጣ ነው። ከምራቁ ጋር ደም የሚተፋ፣ ጉሮሮው ወይም ምላሱ ሥር ጥቁር ለስላሳ ነገር ያለበት ልጅ ሲመጣ ባትሪውን አብርተሽ ትንሽ ጠብቂ። ከተንቀሳቀሰ አልቅት ነው። በጣት መንጭቀሽ አታውጪው፤ ሊበጠስ ወይም ወደ መተንፈሻ ሊወርድ ይችላል። ከፊት የሚታይና የሚያዝ ከሆነ ጤና ጣቢያ በፒንሴት ይወጣል፣ ጉሮሮ ውስጥ ከሆነ ሆስፒታል ይላክ። ለቀናት ሲደማ የቆየ ከሆነ የደም ማነሱም ይለካ፤ የዐይኑን ሽፋን ገልብጠሽ ነጭ ከሆነብሽ አብረሽ ጻፊው።